ለቅበላ የተቆጠበ ድምፅ

ያኔት ጥሩሰው ያን ሳምንት በምልክት ነበር የምታወራው። ሰበታ በሚገኘው የቀለም ፋብሪካ ሽያጭ ክፍል ጠረጴዛዋ ጋ ቁጭ ብላ፣ ደንበኛ ሲመጣ ወንበር ታሳያለች፣ ስልክ ሲጮህ አንስታ ለጎረቤቷ ታቀብላለች፣ ሻይ ሲመጣ ዝንጅብል ትጨምርበታለች። ጉንፋን አልያዛትም። ድምፅዋን እየቆጠበች ነበር። ቅዳሜ ማታ የሁዳዴ ቅበላ ነው፤ ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ አንድ ምሽት ቤት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌሎች ዘፋኞች ጀርባ ቆማ ስትቀበል በኖረችበት መድረክ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ወጥታ የራሷን ዘፈን ልትዘፍን ነው።

ዕድሉን የሰጣት ኪቦርድ የሚጫወተው የባንዱ መሪ ሞቲ ነው። "ስሚ" አላት፣ "ቅበላ ላይ ቤቱ ጢም ይላል። ባለቤቱም ፊት ለፊት ይቀመጣል። ከሰኞ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ሙዚቃ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ማን ከፊት ይቆማል የሚለውን የሚወስነው የዚያን ማታ ነው። አንድ ዘፈን ለምኜልሻለሁ። ካበላሸሽው ግን ሁለተኛ አፌን ሞልቼ ስላንቺ አላወራም።" ያኔት ዘፈኑን ከቡራዩ ሰበታ በምታደርገው የታክሲ ምልልስ፣ አየር ጤና ላይ ተሰልፋ፣ ጦር ኃይሎች ላይ ተጋፍታ፣ ግጥሙን እየጣለች እያነሳች የሠራችው ነው። ዜማውን ሞቲ ሲሰማው "ይሄ የማን ነው?" አለ። ከዚህ በላይ ምስጋና አልፈለገችም።

ሰው እንዲያዝንላትም አትፈልግም። "ምስኪን፣ ቀን ቢሮ ማታ ምሽት ቤት፣ ኑሮ ከብዷት ነው" የሚሏት ሰዎች ያናድዷታል። ኑሮ ከብዷት አይደለም፤ ወዳው ነው። መብራቱን ትወዳለች፣ ከባንዱ ልጆች ጋር ሥራ ሲያልቅ ጥብስ መብላቱን ትወዳለች፣ ጫማዋን አውልቃ እስኪደክማት መጨፈሩን ትወዳለች። ከተማው ሌሊት የሷ ነው፤ ቀን ቀን የአለቃዋ ነው።

አለቃዋ ኦቦ ጂሬኛ ይባላል። በክብር "አሉ፣ ነበሩ" እያልኩ እንድተርክላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አልልም። ከሱሉልታ ገበሬ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ እስከ መሆን የደረሰ ጎበዝ ሰው ነው፤ ጉብዝናውን አልክድም። ግን ለሁሉም ነገር አንድ ተረት ነው ያለው፤ "ዝም አይነቅዝም።" ደመወዝ ዘገየ ስትሉት፣ "ዝም አይነቅዝም።" ደንበኛ ሰደበን ስትሉት፣ "ዝም አይነቅዝም።" ያኔት ምሽት ቤት እንደምትሠራ የሰማ ጊዜም ቢሮው ጠርቶ፣ "እኔ እህት አለኝ፣ እንደ እህቴ ነው የማይሽ። ዘፋኝ የሚባል ስም ከወጣብሽ የሚያገባሽ የለም። ተዪው" ብሏታል። አልተወችውም። እሱም አልተወውም፤ በየስብሰባው "አንዳንድ ሌሊት ሲዞሩ አድረው ቢሮ የሚያንቀላፉ ሠራተኞች" እያለ ይወጋታል። አንድም ቀን አንቀላፍታ አታውቅም።

ይህን ወሬ ለአለቃው ያደረሰው ዘርሁን ነው። እሱም እዚያው ሽያጭ ክፍል፣ ከጎኗ ያለው ጠረጴዛ ጋ ይሠራል። ሲያያት "አርቲስቷ!" ይላል፣ ማይክ የያዘ ይመስል እስክሪብቶ ወደ አፉ አስጠግቶ። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፤ እሱ ግን ከማንም በላይ የከተማውን ምሽት ቤቶች ያውቃል። ይኼ ግን በየስብሰባው አይነሳም።

ሐሙስ ጠዋት የኦቦ ጂሬኛ እናት አዴ ተረፈች አረፉ የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ተለጠፈ። ቀብሩ በዚያው ቀን ሱሉልታ ተፈጸመ። ቢሮው ቅዳሜ፣ ሠልስታቸው ቀን፣ በአውቶቡስ ተሰብስቦ እንዲሄድ ተወሰነ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርግ የቀረ ሰው ይቅር ይባላል። ለቅሶ የቀረ ግን ጡረታ እስኪወጣ ይነሳበታል። ያኔት አሰበች፣ አሰላች። አውቶቡሱ ጠዋት ከሰበታ ይነሳል፣ ቀትር ላይ ሱሉልታ ይደርሳል፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትገባለች፣ "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" በለሆሳስ ትላለች፣ አንድ ጥግ ይዛ ንፍሮዋን ትቆረጥማለች፣ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ከተማ ትወርዳለች፣ ለልምምድ በጊዜ ትደርሳለች። የመድረክ ቀሚሷን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለሞተ ሰው አንድ ከሰዓት መስጠት አይከብድም ብላ ነበር።

ሱሉልታ ንፋሱ አጥንት ይገባል። ድንኳኑ የተተከለው ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ የጭድ ክምር ካለበት ግቢ ውስጥ ነው። በአንድ በኩል ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ ኦቦ ጂሬኛ ጢሙ አድጎ፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከድንኳኑ ይወጣል ይገባል። በሌላው በኩል ሴቶቹ ክብ ሠርተዋል። መሐላቸው የቤተሰቡ አልቃሽ፣ እድሜ የጠገቡ ሴት፣ ተቀምጠዋል። ሐሙስና ዓርብ ሲያስለቅሱ ውለው አድረው ድምፃቸው ተዘግቷል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። አልቃሽ የሌለበት ሠልስት ደግሞ ለሟች ቤተሰብ ውርደት ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ይሄኔ ነው ዘርሁን ከወንዶቹ መሐል ብድግ ብሎ "እኛ ጋ አለች እኮ!" ያለው። "ያኔት! ድምፅዋ ጉድ ነው። በሙያዋም..." ብሎ ፈገግ አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ፈገግ አለ!

ያኔት ራሷን ነቀነቀች። አንገቷን በእጇ ይዛ አሳየች። "አሞኛል" አለች በሹክሹክታ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ኦቦ ጂሬኛም ስልኩን ዘጋ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገራት።

"ያኔት፣ ለእናቴ ነው። ሁለት ስንኝ። እንደ እህቴ ነሽ ብዬሽ የለ።"

ያቺ ድምፅ ምሽት ቤት ስትሆን ነውር፣ እናቱ ስትሞት ግን እህት ሆነች። ያኔት ውስጧ እርር አለ። ግን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እያያት፣ የሟች ልጅ እየለመናት፣ ድንኳን ውስጥ "እምቢ" የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ሁለት ስንኝ፣ ዝቅ አድርጌ፣ በአፍንጫዬ ብላ ተነሳች።

ለማያውቅ ልንገር። አልቃሽ ከራሷ አታወጣም። የሟቹን ሥራና ጠባይ የሚነግራት ሰው አለ፤ ያም የቤተሰቡ ታላቅ ነው። ምን ይነሳ፣ ምን ይተው የሚለውን የሚመርጠው እሱ ነው። ስለዚህ የሟቿ ባል ወንድም፣ ሽማግሌው ኦቦ ኢተፋ፣ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ነገሯት፤ ደግ ነበረች፣ ቤተ ክርስቲያን አሠርታለች፣ ልጆች አስተምራለች፣ ለእንግዳ ወተት አትሰስትም። ያኔት አንዱን ስንኝ በዚያ ላይ ሠርታ፣ ድምፅዋን በስስት እያወጣች፣ አለች። ሴቶቹ ለወጉ ያህል ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። ማንም አላለቀሰም።

ያን ጊዜ የኦቦ ጂሬኛ ታናሽ እህት አትክልት እጇን ያዘቻት። ዓይኗ አብጧል። "ማሎ" ብላ ለመነቻት፣ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ፣ "ማሎ እህቴ፣ ይሄ የሷ አይደለም። ወተት ማን አይሰጥም? እናቴ የሠርግ ዘፈን አውራጅ ነበረች። በዚህ አገር እሷ ካላወረደች ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር። ከአዲስ አበባ የባህል ቡድን ሰዎች መጥተው ሊወስዷት ለምነዋል። አባቴ አገባትና 'በቃ ዝም በይ' አላት። ዝም አለች። ላም ስታልብ ብቻ ታንጎራጉር ነበር። አባቴ ሲሞት ወንድሜ ሰበታ ቤቱ ወሰዳት። አንድ ቀን ሳሎን ውስጥ ከራዲዮ ጋር ስትቀበል እንግዳ መጣ። 'እማዬ፣ ሰው አለ' አላት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሰው ይኑርም አይኑር አላንጎራጎረችም። እስክትሞት። ይሄን ተናገሪላት።"

ሽማግሌውን ሳያስፈቅዱ የተነገረን ነገር አልቃሽ አታነሳም። እዚያው የተቀመጡት አሮጊት ይህን ያውቃሉ፤ ሁሉም ያውቃል። ያኔት ግን አልቃሽ አይደለችም፤ የቡራዩ ልጅ ናት፣ ተቀባይ ናት፣ ከሰው ጀርባ ቆማ ሁለት ዓመት የኖረች። "ሰው አለ" የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ተሰካችባት። እናቱን! ያወረደችውን፣ ያስጨፈረችውን፣ አገር የለመናትን ሴት፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ እንዳይሰማት! ንዴቷ ከእግሯ ተነስቶ ጉሮሮዋ ጋ ሲደርስ ሃያ ሁለትንም፣ ሞቲንም፣ ቅበላንም ረሳች። አፏን ከፈተች። በአፍንጫዋ አልነበረም።

"ሱሉልታ ሠርግ አለ፣ ሙሽራው ቀረበ፣
አውራጇ የት ሄደች፣ ተቀባይ ከበበ።"

ሴቶቹ ቀጥ አሉ። ከዚያ ከወደ ኋላ አንዲት አሮጊት፣ ድሮ ከሟቿ ጋር የዘፈነች መሆን አለባት፣ "ያ ሃርሜ ኮ! ወይኔ እናቴ!" ብላ ጮኸች። ክቡ ተናወጠ። ካርታው ቆመ። ያኔት ወደ ንፋሱ ዞራ፣ ጉሮሮዋን ሳትሳሳለት፣ ደገመችው፣ ሠለሰችው፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አወረደችና ሰው ተቀበላት። ቆይታም ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ይሄ ወጣ፤

"ባሏም ዝም በይ አላት፣ ልጇም ዝም በይ አላት፣
መሬት ዝም በይ ቢላት፣ ምን አዲስ ሆነባት።"

አትክልት መሬት ላይ ወደቀች። ሴቶቹ እንባቸው ወረደ፤ የወግ እንባ አልነበረም። ኦቦ ኢተፋ ከዘራቸውን ይዘው ቆሙ። ኦቦ ጂሬኛ ደግሞ የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ግን ደረቅ ነው። ያኔት አየችው፣ አላቆመችም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ስትጨርስ አንዲት ልጅ ውሃ ሰጠቻት። "አመሰግናለሁ" ለማለት ሞከረች። ከጉሮሮዋ የወጣው የበር ማጠፊያ ድምፅ ነበር።

ሃያ ሁለት ስትደርስ ሞቲ አንድ ጊዜ ሰማትና ሁለተኛ እንድትናገር አልፈቀደላትም። ትኩስ ውሃ በማር አመጣላት። ዝንጅብል አኘከች። በሎሚ ተጉመጠመጠች። ባንዱ ዜማዋን ሲያነሳ የመጀመሪያዋን ስንኝ ሞከረች፤ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ተሰበረ። ሞቲ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

"ምን ሆነሽ ነው? በጤናሽ? ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብለሽ!"

"ለቅሶ ነበረብኝ።"

"የማን?"

"የአለቃዬ እናት።"

ሞቲ ሳቀ፤ ደስ ብሎት አይደለም። "ለአለቃሽ እናት ድምፅሽን ሰጠሽ" አለ። "አለቃሽ ደግሞ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን ይሰጥሻል?" መልስ አልጠበቀም። ባለቤቱ ጋ ሄዶ ተነጋገረ፣ በሷ ቦታ ሌላ ልጅ፣ ገና ወር ያልሞላት፣ ወጣች። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ሰው ነገ እንደማይነጋ ሁሉ ይጨፍራል። ልጅቷ የሰው ዘፈን ዘፈነች፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠላት፣ ባለቤቱ አጨበጨበ። ያኔት ያን የመድረክ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባንኮኒው ጋ ቆማ፣ አየች። አልቀናችባትም። የተናደደችው በራሷ ነው፣ በዘርሁን ነው፣ በኦቦ ጂሬኛ ነው፤ "ሁለት ስንኝ" ባለው ሁሉ ነው።

ልትወጣ ስትል ከጠረጴዛዎቹ መሐል አንድ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ መብራቱን ወደ ፊቷ አበራባት። ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቷል፣ በአንድ እጁ ቢራ ይዟል፣ ቀን ሱሉልታ የዘቀዘቀውን ነጠላ የት እንዳደረገው እግዜር ይወቅ። ዘርሁን ነው። "አርቲስቷ!" አለ። ፎቶውን አንስቶ ወደ ጭፈራው ተመለሰ።

ኦቦ ጂሬኛ ማክሰኞ ሥራ ገባ። ሠራተኛው አንድ በአንድ ገብቶ "እግዚአብሔር ያጥናዎት" አለው። ያኔት ስትገባ ግን "በሩን ዝጊው" አላት፣ እንድትቀመጥ ሳይጋብዛት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገላት። ፎቶው ላይ ያኔት ናት፤ ከነመድረክ ቀሚሷ፣ ከነኩሏ፣ ባንኮኒ ተደግፋ።

"እናቴ ሠልስቷ ቀን" አለ። "አፈሯ ሳይደርቅ። ከድንኳኗ ወጥተሽ ወደ ጭፈራ።"

"አልዘፈንኩም።" ድምፅዋ ገና ሻካራ ነው። "ይስሙኝ። ይሄ ድምፅ የሚዘፍን ይመስልዎታል? ድምፄን እናትዎ ጋ ትቼው ነው የሄድኩት።"

"ቀሚሱ ምንድነው ታዲያ?"

"ይሄን ያነሳልዎት ሰው እዚያ ምን ይሠራ ነበር? እሱም ከዚያው ድንኳን ነው የወጣው።"

"ዘርሁን ወንድ ነው።"

እንዲህ ነው ያለው። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም። ሲናገረውም ፊቱ ላይ ምንም አልታየም፤ ዝናብ ይዘንባል እንደማለት ነበር።

ያኔት መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት እሱ ቀደማት፣ ያን ጊዜም እውነተኛው ነገር መጣ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲሉ አልሰማችሁም? የምሽት ቤቱ ፎቶ ዳውላው ነው። አህያው ሌላ ነው።

"እናቴን ዘፋኝ አደረግሻት" አለ። "አገር በሞላ ድንኳን ውስጥ! አጎቴ ኢተፋ ካንቺ በኋላ አላናገረኝም። ሰዉ ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ? 'ልጇ አፏን ዘጋት' እያለ ነው። ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ? እኔ? በመኪናዬ ነው ሐኪም ቤት ያመላለስኳት! እናቴ ዘፋኝ አልነበረችም!"

"አውራጅ ነበሩ።"

"አልነበረችም!" ጠረጴዛውን መታ። ከውጭ የሽያጭ ክፍሉ ጫጫታ ጸጥ አለ፤ ያኔት የዘርሁን ወንበር ሲንቋቋ ሰማች፣ ወደ በሩ ጆሮውን እያስጠጋ ነው።

ኦቦ ጂሬኛ ተነፈሰ። ክራቫቱን አስተካከለ፤ እንደገና የስብሰባው ሰውዬ ሆነ። "ስሚኝ። አርባዋ ላይ ትመጫለሽ። አጎቴ የሚነግርሽን፣ የሚነግርሽን ብቻ፣ ታስለቅሻለሽ። ያልሽውን ታስተካክያለሽ፤ ተሳስቼ ነው ትያለሽ። ሁለተኛ፣ ምሽት ቤት የሚባል ነገር ከዛሬ በኋላ አልሰማም። ይሄን ካደረግሽ ፎቶውም ይጠፋል፣ ሥራሽም አለ። ምንም መናገር የለብሽም። ዝም አይነቅዝም።"

ሥራው ያስፈልጋታል። ይህን አትክድም። የቡራዩ ቤት ኪራይ አለባት፣ የምሽት ቤቱ ባለቤት እንደሆነ ከፋሲካ በኋላ ያቺን ሌላዋን ልጅ ይዟል። "እሺ" ብትል ነገ ጠዋት እንደወትሮዋ ጠረጴዛዋ ጋ ትቀመጣለች። "እሺ" አንዲት ቃል ናት፤ በሻካራ ድምፅም ትወጣለች።

ግን ያን ጊዜ ራሷን አየች፤ ያውም ሬሳዋን። አርጅታ ሞታ፣ አንድ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንዶች ካርታ እየተጫወቱ፣ አንዲት የማታውቃት ልጅ ጎንበስ ብላ ስታዳምጥ፣ አንዲት ሴት በጆሮዋ "ያኔት እኮ ድሮ ድምፅ ነበራት፣ የራሷ ዘፈን ነበራት፣ አለቃዋ ተዪው አላትና ተወችው" ስትል። እንዲህ ያለ ንዴት አይታ አታውቅም፤ ሱሉልታ ላይ እንኳ እንዲህ አልነበረም። ሴት ልጅ በሹክሹክታ የምትነገር ወሬ ሆና የምትቀረው እንዲህ ነው ለካ! ማንም አይደበድባትም፣ ማንም አያስራትም፤ አንድ ጨዋ ሰው በጨዋ ደንብ "ሰው አለ" ይላታል፣ በቃ።

"አርባቸው ላይ እመጣለሁ" አለች።

ኦቦ ጂሬኛ ራሱን ነቀነቀ። "ጎበዝ።"

"ይጨርሱኝ። እመጣለሁ፣ ቢጠሩኝም ባይጠሩኝም። ያልኩትን አላስተካክልም፤ ያልኩትን እደግመዋለሁ። ያልነገሩኝንም ከእህትዎ ጠይቄ እጨምርበታለሁ። እስከዚያ ድምፄ ድኗል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ይሰማል። ዘፈኔንም አልተውም። ሃያ ሁለት ባይወስዱኝ ሌላ ቤት አለ፣ እሱም ባይኖር መንገድ አለ። ፎቶውን ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ከጎኑ ግን ማን እንዳነሳው ይጻፉበት፣ የዘርሁን ሚስትም ታንብበው።"

ከበሩ ውጭ ወንበሩ ድንገት ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ውጪ" አለ ኦቦ ጂሬኛ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ። ከዚህ ቢሮ።"

"እየወጣሁ ነው።"

እጀታውን ያዘች። በሩን ከፈተች። ዘርሁን አንገቱን ደፍቶ ኮምፒውተሩን አፍጥጦ ያያል፤ ኮምፒውተሩ አልተከፈተም። አንድ እግሯ ኮሪደሩ ላይ ሲያርፍ ከኋላዋ ስሟ ተጠራ።

"ያኔት።"

ዞረች። ሰውዬው ተቀምጧል። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የእጆቹን ጀርባ ያያል። ድንኳን ውስጥ ደርቆ የነበረው ዓይኑ አሁን ሞልቷል።

"አትክልት..." አለ፣ አልጨረሰውም። ጉሮሮውን ጠራረገ። "አትክልት ምን አለችሽ? ድምፅዋ... ጥሩ ነበር?"

"ጥሩ ነበር" ማለት ምን ይከብዳል? ለሞተ ሰው፣ ለሚያለቅስ ሰው፣ በጾም ቀን። ሌላ ሰው ቢሆን ይለው ነበር። እኔም ብሆን እለው ይሆናል። ያኔት ግን ቅዳሜን አስታወሰች፣ ባንኮኒውን አስታወሰች፣ ሳሎን ውስጥ ከራዲዮ ጋር ሲቀበሉ የተያዙትን አሮጊት አሰበች። ምሕረቱን ፈልጋ አጣችው።

"እኔን ይጠይቁኛል?" አለችው። "እርስዎ ቤት ነበሩ እኮ።"

በሩን ክፍቱን ትታው ቦርሳዋን ልታነሳ ሄደች።